ከመስኮቱ ሥር የነበረው ጥድ

«ዙሪያው ስድስት ሜትር ይሆናል ተብያለሁ» አለች አትክልተኛዋ፣ ገና በሩን ሳታልፍ።

ልብስ ሰፊው እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ ቀና አለ። «ስድስት! ከታች ነው?»

«ከታች ነዋ። ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል።»

«ወገቡስ?»

«ወገብ የሚባል ነገር የለውም፤ ድብልብል ነው።» ሰውየው እንዲህ አጥብቆ መጠየቁ ደስ አላት። በሌላ ቤት ሰዎች ዛፉን በአገጫቸው አሳይተዋት ይገባሉ እንጂ ማንም ምንም አይጠይቃትም። «ዋናው ግን የማይታየው ነው። ውስጡን ሳላይ ምንም አልልም።»

«ገበሩን ነው የምትዪው፤ ገባኝ» ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳበ። «ቀኑ መቼ ነው?»

«የምኑ?»

«የሰርጉ ነዋ እህቴ።»

አትክልተኛዋ በእጇ የያዘችውን አካፋ አየች። እሱም አየው። አካፋ ተሸክማ ቬሎ ልታሰፋ የምትመጣ ሙሽራ እንደሌለች ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ተገለጠላቸው።

«እማዬ!» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። «ሰው ጠርተሽ ነበር እንዴ?»

እናትየው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ወጡ። ዓይናቸው ከደከመ ሰንብቷል፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነ። «ጠርቻለሁ፤ ለዛፉ ነው። አንተ ደግሞ ሴት በገባች ቁጥር ሙሽራ ትመስልሃለች። አንዷንም ግን ለራስህ አታስቀርም!»

የልብስ ሰፊው ጆሮ ቀላ። አትክልተኛዋ የእሱን ጆሮ ላለማየት ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብታይ፣ ውጭ የሚባል ነገር የለም። መስታወቱን ግማሽ ድረስ የሸፈነው ዛፉ ነበር።

ድንክ የተራራ ጥድ ነው። ሟቹ አባት ከዓመታት በፊት በአንዲት ጣሳ ይዘውት መጥተው፣ «ከጉልበት አያልፍም ብለውኛል» ብለው ከመስኮቱ ሥር ተከሉት። ዛፉ ግን ጉልበትን አለፈ፤ ወገብን አለፈ፤ የመስኮቱንም ደፍ አለፈ። አባትየው አርፈው፣ ልጅየው የስፌት መኪናቸውን ወርሶ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ መስፋት ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ድንክ ነው ተብሎ እኮ ነው» አለ፣ አባቱን ከክስ እንደሚያድን ሰው።

«ድንክ ማለት ቀስ ብሎ ያድጋል ማለት ነው» አለችው። «ማደጉን ያቆማል ያለ የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሩቅ ከተማ የምትኖረው ትልቋ ልጅ፣ እናቷን ወደ እኔ ካልመጣሽ ብላ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታቸዋለች። እሳቸውም ሲሰለቻቸው ቃል ሰጡ፦ የባሌ ዛፍ ከሄደ እሄዳለሁ፤ ዛፉ ካልሆነለት ግን ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። እናትየው ከሄዱ ደግሞ ልጅየው ዓይነ ደካማ እናቱን ለብቻ አይሰድም፤ የስፌት መኪናውን ጭኖ ይከተላል፤ ቤቱም ይሸጣል። የአንድ ቤተሰብ መሄድና መቅረት በአንድ ጥድ ሥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

አትክልተኛዋ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረች። ረጅም ጊዜ ጫረች።

«ይነሣል» አለች በመጨረሻ። «ግን በአንዴ ከነቀልነው ይደርቃል። ዘንድሮ ዙሪያውን ግማሹን ቆፍሬ ረጃጅሙን ሥር እቆርጥና ቦታውን አሸዋማ አፈር እሞላዋለሁ፤ እዚያ ውስጥ ደቃቅ ሥር ያወጣል። ለከርሞ ሌላውን ግማሽ። ከዚያ ነው የሚነቀለው። ሁለት ዓመት ይፈልጋል።»

በአንድ ዓመት የሚያነሣም አትክልተኛ አለ። እሷ ግን ሁለት አለች፤ ሁለት ስትልም የምታየው የዛፉን ግንድ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ግማሽ ክብ ስትቆፍር መለኪያውን የያዘላት ልብስ ሰፊው ነው። እንደ ልብስ ልኬት ነው የያዘው፤ ከግንዱ ሰባ ሳንቲ ስትለው ሰባ ነው፣ ስልሳ ዘጠኝ ተኩል አይደለም። ሲጨርሱ በፀሐይ በኩል ባለ ቅርንጫፍ ላይ ምልክት ፈለገች። አዲሱ ቦታ ላይ ሲተከል ያው ፊቱ ወደ ፀሐይ መዞር አለበት። እሱ ከኪሱ ቀይ ክር አውጥቶ አሰረላት።

«እንዲህ ያለ ቋጠሮ በምን ይፈታል?» አለችው።

«አይፈታም። ለመፈታት አልሰፋም።»

ሙቀቱ ሲመለስ ዛፉ ለጋ ቀንበጦቹን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ አቆመ፤ በየጫፉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መስኮቱ እንዲገለጥ ቀንበጦቹን ማሳጠር አስተማረችው። «በጣትህ። ግማሹን ቆንጥረህ ቀንጥሰው። መቀስ ከነካው የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆናል።»

«እኔን ነው መቀስ አትንካ የምትዪው?»

«አንተን ነው። ደግሞ ስማኝ፣ ከለጋው ወርደህ ቅጠል የሌለበት አሮጌ እንጨት ላይ ከቆረጥክ፣ እሱ ቅርንጫፍ አያቆጠቁጥም። ራቁቱን ይቀራል። ጥድ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም።»

ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው ቀነጠሱ። ማታ ገደማ እጁ በሙጫ ተጣብቆ ጣቱን ከጣቱ መለየት አቃተው። የተጀመረ ነጭ ቀሚስ ደግሞ መኪናው ላይ ይጠብቀዋል። ዘይት አስመጥታ፣ እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታሻቸው ጀመር። አውራ ጣቱን ጨርሳ ሌላውን ያዘች፤ ሌላውን ጨርሳ ሌላውን። አሥሩም ሲያልቁ ከአውራ ጣቱ እንደገና ጀመረች። ሁለቱም ይህን እንዳላስተዋሉ ሆኑ።

«አልለቀቀም እንዴ?» አሉ እናትየው ከጓዳ።

«ኧረ ገና ነው እማማ!»

«ሙጫው ነው?» አሉ። መልስም አልጠበቁ።

በዚያው ሰሞን ጃኬት ሰፋላት። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ኪሱ የመግረዣ መቀሷን ከነእጀታው የሚውጥ። ለብሳው ክንዷን ወደ ላይ ብታነሣ አልሳባት፤ ብትጎነበስ ጀርባዋን አልያዛት።

«መቼ ለካኸኝ?»

«አልለካሁሽም» አለ ጨርቅ እያጣጠፈ። «አየሁሽ።»

ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን ነገር ሁለቱ ብቻ አይናገሩትም ነበር። እሷ፣ ይሄ ሰው ለመሄድ የቆረጠ ነው፣ እኔ አስቀረሁት እንዳይባል ትላለች። እሱ፣ እናቴን ትቼ ብቀር ምን ዓይነት ሰው ነህ ትለኛለች ይላል። በሁለተኛው ዓመት ሌላውን ግማሽ ክብ ስትቆፍር፣ መለኪያውን እንደያዘ ድንገት ጠየቃት።

«ባይነቀልስ?»

ቀና ብላ ብታየው ኖሮ ሌላ ነገር ትሰማ ነበር። እሷ ግን ባለፈው ዓመት በሞላችው አፈር ውስጥ እንደ ፀጉር የተንዠረገገውን አዲስ ሥር እያየች ነበር፤ እንዲህ ያማረ ሥር በእጇ ወጥቶ አያውቅም።

«ይነቀላል! ና እየው እስቲ፣ እንዴት እንዳማረበት!»

መጥቶ አየ። «አምሯል» አለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም።

ሊነሣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጧት ስትመጣ ዛፉ በመስኮቱ በኩል ተገፏል። ከትከሻ እስከ ታች፣ ቅጠል የሚባል አልቀረም። ራቁት እንጨት፣ ሙጫው የሚንጠባጠብ። የጨርቅ መቀሱ መሬት ላይ ተጥሏል። ልብስ ሰፊው አጠገቡ ቆሟል።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ላስተካክለው ብዬ… እጄ ሳተ።»

«ነግሬህ አልነበረም? በዚህ አፌ አልነገርኩህም? ሁለት ዓመት!» ሁለት ዓመት ስትል ምን ምን እንደቆጠረች እሷ ታውቃለች። «በአባቱ ዛፍ ላይ እንዲህ የሚጫወት ሰው… እኔ እንዲህ አልመሰልከኝም ነበር።»

አፉን ከፈተ። እናቱ ከኋላው ሲወጡ ዘጋው። እሳቸው ተጠግተው ራቁቱን ቅርንጫፍ በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ሳይቸኩሉ።

«ይሞታል?» አሉ።

ልብስ ሰፊው አትክልተኛዋን አያት። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ አይቷት አያውቅም፤ መልሷ ከዛፉ ይልቅ በእሱ ሕይወት ላይ የሚፈርድ ይመስል ነበር። እሷ ጥፋቱ ያስፈራው መሰላት።

«አይሞትም» አለች። «እኔ ቆሜ አይሞትም!»

አልሞተም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጧትና ማታ እየመጣች ጥላ ወጠረችለት፣ ቅጠሉን ውኃ አርከፈከፈችበት፣ ከተቆረጠው ላይ ሙጫውን አጸዳች። ለልብስ ሰፊው ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣትም። በእልህ ሠራች፤ በእልህ የሠራችው ደግሞ ከሌላው ጊዜ ሁሉ በለጠ።

በመጨረሻው ቀን ዛፉ ከነአፈሩ ተቆፍሮ፣ ሥሩ በጆንያ ተጠቀለለ። ጆንያውን የሚሰፋ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ አንድ ሰው አየ። እሱ ወፍራሙን መርፌ ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። እሷ ጆንያውን ከወዲያ ወጥራ ያዘች። መርፌው በእሱ በኩል ገብቶ በእሷ በኩል ይወጣል፤ ስባ ትመልስለታለች። አንድም ቃል ሳይናገሩ ዙሪያውን ሰፉት። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ፊቱ ለአፍታ ከእጇ አጠገብ ነበር።

ስምንት ሰው ተሸክሞ ጭነት መኪና ላይ አወጣው። እንዴት እንደሚተከል የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠችው፤ ውኃ እንዳይተኛበት በጉብታ ላይ፣ ዙሪያውን ድንጋይና ጠጠር፣ ክሩ ወደ ፀሐይ።

«ጃኬቱ…» አለ። «ክንዱ ላይ ቢያስቸግርሽ…»

«ምንም አላስቸገረኝም።»

«እሺ» አለ።

መኪናው ሄደ። መስኮቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በራ፤ ውስጥ ግን የሚሰፋ ሰው አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ እናትየው አትክልተኛዋ ወደምትሠራበት ችግኝ ጣቢያ ደወሉ። «ቢጫ ሆኗል ይላሉ። ነይና እዪልኝ።» ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ሄደች፤ ከመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርዳ ልትመለስ ቃጥቷታል። ጃኬቱን ለብሳለች። ክርኑ ሳስቷል።

ልብስ ሰፊው አልነበረም። ካገባ ዓመት ተኩሉ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሕፃኑን ሊያስመዝኑ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። በሩ ላይ ይህን የነገሯት እናትየው ናቸው። ሲነግሯትም ክንዷን ይዘው ነበር።

ዛፉ በጉብታ ላይ ቆሟል። ድንጋዩም ጠጠሩም ወረቀቱ ላይ እንደጻፈችው ነው። ቀዩ ክር በፀሐይ ነጥቷል፤ ቋጠሮው ግን አልተፈታም። ራቁቱ ጎን እንደ ድሮው ወደ ሥራ ክፍሉ መስኮት ዞሯል፤ ከመኪናው ቀና ያለ ሰው የሚያየው እሱን ነው። የቀረው ሁሉ ለምለም ነበር።

«ቢጫ የለውም እኮ እማማ።»

«እኔ ምን አውቄ? ዓይኔ አያይ» አሉና አጠገባቸው አስቀመጧት። ጃኬቷን በጣታቸው ዳበሱ። «ይሄንን ስንት ጊዜ ለካሽ?»

«አንዴም አልለካኝ።»

«ልክሽ ነው?»

«ልክ ነው።»

«ልጄ በዕድሜው አንድ ስንዝር ጨርቅ አበላሽቶ አያውቅም» አሉ እናትየው። «እጄ ሳተ ሲልሽ አመንሽው?»

አትክልተኛዋ ወደ ዛፉ ዞረች። ያን ጧት ንዴት ያላሳያትን አሁን አየች። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የተቆረጠው ከመጨረሻዋ ቅጠል ጠባሳ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ነው። አንዱም ከፍ አላለ፤ አንዱም ዝቅ አላለ። አትንካ ያለችውን ቦታ ለክቶ ነበር የቆረጠው። ባይነቀልስ ብሏት ነበር። ይሞታል ሲባልም አይቷት ነበር።

በጃኬቷ ኪስ ውስጥ እጇ መቀሱን ጨብጧል።

«ያውቁ ነበር?» አለች።

«መቀሱ ጨርቅ ሲቆርጥና እንጨት ሲቆርጥ ድምፁ አንድ ነው እንዴ? ጓዳ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ዛፉ ካልሆነለት አልሄድም ብያለሁ፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንቺ አይሆንለትም እስክትዪ ነበር የምጠብቀው።»

«ታዲያ እማማ፣ ምነው ያኔ አንድ ቃል ቢነግሩኝ?»

እናትየው የጃኬቷን እጅጌ ጎትተው አስተካከሉላት።

«አንቺንስ» አሉ፣ «ይህን ያህል ጎበዝ ሁኚ ማን አለሽ?»