የአምባዋ ልዕልት ደራሲ

ሸዋገነት የተገኘችው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ነው። በቀኝ እጇ በኩል በግማሽ የጎደለ የጸበል ጠርሙስና ባዶ ብርጭቆ ነበሩ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ በወይዘሮ እሙ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ለዓመታት ብቻዋን ኖራ ብቻዋን ሞተች። ረቡዕ ጠዋት በሩን ገፍተው ያገኟት አከራይዋ ወይዘሮ እሙ ናቸው።

ኢንስፔክተር ዘይነባ ኑሕ ክፍሉን ዞራ አየች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ግድግዳው ላይ የሰው ፎቶ የለም። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቲቱ አልጋው ላይ ትቀመጥ እንደነበር ገባት። ዘይነባም ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓለም ባንክ ሰፈር ካለው ኮንዶሚኒየሟ ሁለተኛውን ወንበር ለጎረቤት ሰጥታለች፤ ባዶውን ማየት ሰልችቷት።

«ጠርሙሱን ማን አመጣው?»

«ዊዳድ ናታ፣ በኮምፒውተር የምትጽፍላት ልጅ» አሉ ወይዘሮ እሙ። ማክሰኞ ምሳ ከሸዋገነት ጋር ምስር ወጥ በልተው፣ ደህና ትተዋት ገበያ መውጣታቸውንም ተናገሩ። ከገበያ ሲመለሱ በሯ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ስትጽፍ ሰው እንዲገባባት ስለማትወድ አልፈዋት ሄዱ።

ሸዋገነት ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ጸበሏን ከቤተ ክርስቲያኑ በር የምትቀበልላት ዊዳድ ነበረች። ሂጃቧን አስተካክላ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ዲያቆኑ ጠርሙሱን ሞልቶ ይሰጣታል፤ ለሁለቱም ነገሩ ነገር አልነበረም። የሆስፒታሉ ምርመራ መርዝ በጠርሙሱም በሟቿ ሆድም መኖሩን፣ ሴትዮዋም ማክሰኞ ከሰዓት መሞቷን ሲያረጋግጥ ግን ሰፈሩ ነገር አደረገው። ሰፈር ማስረጃ አይጠይቅም፤ ይግባኝም አይሰማም። ልጅቷ ታሰረች፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ተባለ።

ዘይነባ ፋይሉን እንደገና ስትከፍት ሳጅን ነገሬ አጠገቧ ቆሞ ፈገግ አለ።

«ልጅቷ ዘመድሽ ናት እንዴ?»

«አዎ» አለችው ቀና ሳትል። «ያልሠራችው ነገር የተለጠፈባት ሁሉ ዘመዴ ናት።»

ሳጅኑ ፈገግታውን ይዞ ወጣ።

ዊዳድን እስር ቤት አነጋገረቻት። ልጅቷ ጠርሙሱን ጠዋት አስቀምጣ፣ እስከ ቀትር ስትጽፍ ቆይታ፣ ለሶላት ወደ ቤቷ ሄዳለች። ስለ ራሷ ብዙ አልተናገረችም። የጠየቀችው ስለ ቀብሩ ነው።

«ማን ነበረ?»

ዘይነባ ሄዳ አይታ ነበር። ለእድሩ ግዴታ የመጣ ሰው ብቻ ነበር። ይህን ለልጅቷ መንገር ከበዳትና ወደ ሥራው መለሰቻት፤ ምን እንደምትጽፍላት ጠየቀቻት።

«መጻሕፍቷን» አለች ዊዳድ። «ሰው የማርቆስ የሚላቸውን።»

ዘይነባ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በማርቆስ ስምና ፎቶ የወጡትን ሁለቱንም መጻሕፍት ደጋግማ አንብባቸዋለች፤ ብዙ ምሽቷን ያሳለፈችው ከነሱ ጋር ነው። ደራሲው ዓለም የሚያውቃቸውን ተረቶች ወደ ጥንቱ ነገሥታት ዘመን ያመጣቸዋል። አመድ ላይ የምትተኛው የእንጀራ ልጅ የንጉሥ ግብር ላይ ትታያለች። ማማ ላይ የተዘጋባት ባለ ረጅም ፀጉር ልጅ ደግሞ በአምባ ላይ የታሰረች ልዕልት ሆናለች፤ አንድ ልዑል ድግምቷን የሚሽር ጸበል በቅል ይዞ ገደሉን ይወጣላታል። እነዚህን መጻሕፍት የሚንቁ ምሁራን ሞልተዋል፤ «የሴት ተረት» ይላሉ፣ አንድ ገጽ ሳይገልጡ። የሚወዷቸው ደግሞ ለሽፋኑ ፊት ያጨበጭባሉ። ሁለቱም ወገን በእውነት ማን እንደጻፋቸው አልጠየቀም። ዘይነባም አልጠየቀችም፤ ተናደደች፣ መጀመሪያ በራሷ።

አሳታሚው መዝገቡ አየር ጤና ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሃል ባለች ሱቁ ውስጥ ምንም አልደበቀም። ማክሰኞ ጠዋት ሸዋገነት ዘንድ ሄዶ ተጨቃጭቀዋል። ሦስተኛው መጽሐፍ በስሟ ካልወጣ አይወጣም ብላዋለች።

«እና ምን አሏት?»

«እውነቱን ነዋ። ቆንጆ ወንድ ፀሐይ ፊቱ ላይ ወድቆበት ሽፋን ላይ ሲቆም ይሸጣል፤ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ማን ይገዛታል?» አለና፣ የተናገረው ለራሱም የከፋው ይመስል አንገቱን አከከ። «በመጨረሻ ግን እሺ አልኳት። ከሷ በቀር ጸሐፊ የለኝም። ለማርቆስም ደውዬ ነገርኩት።»

ማርቆስ ሠርግ የሚመራ፣ በቴሌቪዥንም የሚታይ፣ ከአፉ ማር የሚንጠባጠብ ሰው ነው። መኪናው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ከበሩ ላይ ታይታ ስለነበር መሄዱን አልካደም። ካፌ ውስጥ ዘይነባን ፊት ለፊት አስቀምጦ በሐዘን ድምፅ አወራ። ሸዋገነት እንደ እናቱ ነበረች። ሲያልፍ ባዶ እጁን ጎራ ብሎ ትንሽ ተጫውተዋል። እሱ እያየ ከጠርሙሱ ቀድታ ጠጥታ ፊቷን አኮማትራለች።

«‹ዛሬስ መረረኝ› አለችኝ። ምን ላውቅ እችላለሁ?»

ዘይነባ መጻሕፍቱን እንዳነበበቻቸው ስትነግረው ፊቱ በራ፤ ሊፈርምላት እስክሪብቶ አወጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ» አለችው። «ልዑሉ ያንን ሁሉ ገደል ወጥቶ ጸበሉን ሲሰጣት፣ ልዕልቲቱ ለምን እምቢ አለችው?»

ትንሽ አሰበ። «ኩራት ነው። ሴት ስትወደድ ትፈትናለች።»

አመስግናው ወጣች። ለሆስፒታሉ ሐኪም ደውላ በሟቿ ሆድ ውስጥ ከመርዙ ሌላ ምን እንደተገኘ ጠየቀች። ከዚያ አየር ጤና ያሉትን ጭማቂ ቤቶች በእግሯ አዳረሰች።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም በወይዘሮ እሙ ግቢ፣ ለቅሶ ድንኳኑ ሥር ተሰበሰቡ። ዘይነባ መዝገቡንና ማርቆስን ራሷ ጠርታቸዋለች፤ ዊዳድን ነገሬ ከእስር ቤት አምጥቶ ጥግ ላይ አቆማት። ጎረቤቶች ካርታቸውን ይዘው ዞር ብለው አዩዋትና ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።

«አቶ መዝገቡ» አለች ዘይነባ፣ «ለአቶ ማርቆስ ያቀረብኩትን ጥያቄ ለእርስዎም ላቅርብ። ልዕልቲቱ ጸበሉን ለምን እምቢ አለች?»

«እህል ቀምሳ ነበራ» አለ መዝገቡ ግራ ገብቶት። «ቁራሽ ዳቦ በልታለች። ጸበል በባዶ ሆድ ነው፤ እስኪነጋ ጠብቀኝ አለችው። ሲጠብቅ ወታደሮቹ ደረሱ። መጽሐፉ እኮ የቆመው በዚህ ላይ ነው።»

ማርቆስ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠ።

«ወይዘሮ እሙ፣ ሸዋገነት ምሳ በልታ ጸበል ትጠጣ ነበር?»

«እሷ?» አሉ ወይዘሮ እሙ። «ሻይ እንኳ ከቀመሰች ጠርሙሱን አትነካም።» የተናገሩት ለራሳቸው የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ዘይነባ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሴትዮዋ ከወይዘሮ እሙ ጋር ምሳ በልታለች፤ እስከዚያ ደህና ነበረች። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ጸበል አልጠጣችም። መርዙ በሌላ ነገር ገብቷል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የተጨመረው በኋላ ነው፣ ያመጣችው ልጅ እንድትጠየቅበት። ዊዳድ ከምሳ በፊት ሄዳለች፤ መዝገቡም የመጣው ጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ የመጣው አንድ ሰው ነው፤ ስትጠጣ አየሁ ያለውም እሱ ብቻ ነው።

«ከዚህ ግቢ ሰው ማንም እንዲህ አይሳሳትም» አለች። «ወይዘሮ እሙ ሥርዓቱን ይኖሩታል። ዊዳድ መጽሐፉን በኮምፒውተር ጽፋዋለች፤ አቶ መዝገቡ አርመውታል፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ያላነበበው ደራሲው ነው።»

«አንድ ቀን ብትረሳስ?» አለ ማርቆስ። ማሩ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። «በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«በዚህ ብቻ አይታሰርም። ሆዷ ውስጥ አቮካዶና ማንጎ ተገኝቷል፤ ምሳ የበላችው ግን ምስር ነው።» ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ማክሰኞ የተነሳ ፎቶ ነበር። የጭማቂ ቤቱ አስተናጋጅ ጥርሱን ገልጦ ከታዋቂው ሰው ጎን ቆሟል፤ ታዋቂው ሰው በሁለት እጁ ሁለት ስፕሪስ ይዞ ለካሜራው ፈገግ ብሏል። «ባዶ እጄን ሄድኩ ነበር ያሉኝ። ሰው ሊገድሉ እየሄዱ እንኳ ፎቶ እምቢ ማለት አልሆነልዎትም።»

ማርቆስ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው።

«እኔን ነው ሰው የሚወደው» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያለቀሰው እኔ ሳነብ ነው። ስሜን አንስታ የሷን ልትጽፍ! እሷን ማን ያውቃታል?»

«እኔ» አለች ዊዳድ ከጥጉ።

ነገሬ ማርቆስን ክንዱን ይዞ ሲያወጣው፣ በዊዳድ ፊት ሲያልፍ ሳጅኑ አይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዘይነባ ልጅቷን፣ ከዚህ ወዲያ የሚጠብቃት ፖሊስ እንደሌለ፣ ለፊርማ ያህል ብቻ ጣቢያ ደርሳ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ነገረቻት።

ወይዘሮ እሙ ተነስተው ወደ ዊዳድ መጡ። መጀመሪያ ስሟን ለፖሊስ የጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«እትዬ እሙ» አለች ዊዳድ፣ «እኔ እስካሁን ለቅሶ አልደረስኩም።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቦታ የለቀቀላት ሰው አልነበረም፤ ጥጉ ባዶ ነበር። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸው ላይ ያለውን ካርታ የሚያስቀምጡበት አጡ። ዘይነባ ከድንኳኑ ደጅ ቆማ ሰማቻት። ድንኳኑ ከተተከለ ጀምሮ ለሸዋገነት ሲለቀስ የመጀመሪያው ነበር።