የአንድ ቀን መንገድ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «ረፋዱ ላይ በትራስ ታፍነው ነው» አለ። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። ወንዱ ልጅ ሩቅ ከተማ ስለሚኖር ፖሊሱ ብዙም አልተጨነቀም፤ አብራቸው የምትኖረውን ሴት ልጃቸውን በካቴና አሰራት።

«የተሰፋ ልብስ ላደርስ ወጥቼ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው!» ብትል ማን ይስማት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ዝግታ» ይሏታል። ሌላው ሰው ቤት ሠርቶ በሚጨርስበት ጊዜ እሷ አንድ ክፍል አይታ አትጨርስም። አመሻሹ ላይ ወንድምየው ሲደርስ ስፌት ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠችው።

«መቼ ተነሣህ?»

«ጎህ ሲቀድ። አውቶብሱ ቀኑን ሙሉ ነው የሚፈጀው። እህቴ ስትደውልልኝ መንገድ ላይ ነበርኩ።»

«በአውሮፕላን እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም።»

«እኔና አውሮፕላን? ነፍሴን አልጠላሁ! በሕይወቴ ተሳፍሬ አላውቅም።»

አብሮት የመጣው አጎቱ ጣልቃ ገባ። «መናኸሪያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከአውቶብስ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ዝግታ ግን የምታየው ቦርሳውን ነው። በጎን ኪሱ ግማሹ የተጠጣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አለ፤ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

«ይቺ ውሃስ?»

«ዛሬ ጠዋት ስነሣ የገዛኋት ናት።»

«መንገዱ አቀበት ቁልቁለት ይበዛዋል?»

«ምን አቀበት አለው፣ ሜዳ ለሜዳ ነው» አለ አጎትየው።

ዝግታ ልጅቷንና ፖሊሱን አስጠራች። ሁሉም ስፌት ጠረጴዛው ዙሪያ ሲቆሙ ውሃውን መሃል አስቀመጠችው።

«ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ዕቃ ተጭኖት ቢሆን፣ ዕቃው ሲነሣለት ይመለስ ነበር። እስቲ እዩ።» ክዳኑን ስታላላው አየር ሽው ብሎ ገባና ፕላስቲኩ እየተንጣጣ ቀና አለ።

«ሰማይ ላይ አውሮፕላን ውስጥም አየሩ ስስ ነው። እዚያ የተከደነ ፕላስቲክ ምድር ሲደርስ የታችኛው አየር ተጭኖ ያሰረጉደዋል። ከተራራ ቢወርድም እንዲሁ ይሆናል፤ የናንተ መንገድ ግን ሜዳ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተገዛው ውሃ ዛሬውኑ በርሯል፤ አንተም አብረኸው። በቁልፍህ ገባህ፣ ያደረግኸውን አደረግህ፣ ከዚያ ከተማው ዳር ሄደህ ካንተ ከተማ የሚመጣውን አውቶብስ ተሳፈርክ። አጎትህ ስትወርድ ስላዩህ ማንም አየር መንገዱን ልጠይቅ አላለም። አሁን ልደውል?»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ክምር አለ።

«ትናንት ማታ አባባ ደውለው ቤቱን ለእሷ አወረስኩ አሉኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ። ላናግራቸው ብቻ ነበር የመጣሁት… ሲጮሁብኝ ትራሱን…»

ፖሊሱ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታ። ልጅቷ የቀላ እጇን እያሸች ወንድሟን አየችው። እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣» አለች፣ «በአውቶብስ ብትመጣ ኖሮ እኮ፣ እዚህ እስክትደርስ ንዴትህ ይበርድ ነበር።»