የዓብዱልላጢፍ ጉልበት

ዓብዱልላጢፍ በግቢው ካለው መጋዘን የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ሰፈርተኛው ገዳዩን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ዶክተር ነብዩ የሽማግሌውን የጉልበት ነርቭ አቃጥሏል፤ እግሩ ደንዝዞ ከዳው፣ ወደቀ፣ ሞተ። በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩ መስታወት በድንጋይ ረገፈ፤ ዶክተሩም ጣቢያ ገባ። አዛዡ ለኢንስፔክተር የወርቅውሃ እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይላካል።

«እግሩን አደንዝዘህበታል?» አለችው ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

«የሚቃጠሉት ከጉልበቱ ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ናቸው። እግር የሚያንቀሳቅሰውን አንነካም። ሰኞ የክሊኒኩን ደረጃ ሁለቴ ወጥቶ ወረደልኝ። ሦስተኛውን የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ያምንሃል?»

«አንቺም አላመንሽኝም» አለ ነብዩ።

እውነቱን ነበር። ሆኖም አስከሬኑ ለቀብር ሳይሰጥ አየችው። የተሰበረው የራስ ቅሉ በኋላ በኩል ነው፤ ግንባሩ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

የሟች ልጅ ሂባ ተቀመጪ አላለቻትም። ገበያ ውላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ አባቷን እንዳገኘችው ቆማ ተናገረች። ቁርጥማት ከያዘው ጀምሮ ኩርሙክ ከተማ ወዳለው ሱቁ ስድስት ዓመት አልሄደም፤ በእሱ ፈንታ የሚመላለሰው የእህቱ ልጅ ሱለይማን ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አባቷ ለሱለይማን ደውሎ ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ ብሎት ነበር።

ጎረቤቱ አስማማው፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ አዛውንት፣ አጥራቸው ሥር ባለመደገፊያ ሰፊ ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከሟች ጋር በፍሳሽ ቦይ ሲጨቃጨቁ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

«ወንበሩም የእሱ ነው» አሉ ሳይጠየቁ። «ስድስት ዓመት የሰገደበት። ሰኞ ማታ በጫንቃው ተሸክሞ አመጣና ‹ተራው ያንተ ነው› አለኝ። ሲያላግጥብኝ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ሱለይማን ከኩርሙክ የገባው በሟች የመጨረሻ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ አዛን እንዳለ ወደ ባምባሲ መሄዱን የጫነው ሾፌር መስክሮለታል።

«ወላሂ፣ ስወጣ ደህና ነበር» አላት። «አጎቴ እንደ ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሲሰግድ በመስኮት አየሁት። እንዳልረብሸው ዝም ብዬ ሄድኩ።»

የወርቅውሃ ወደ ኩርሙክ አንድ ስልክ ደወለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በሟች ግቢ ሰበሰበቻቸው። ነብዩ በካቴና ሲገባ ከሰፈርተኛው አንዱ እግሩ ሥር ተፋበት። አስማማው ወንበሩን እያጉረመረሙ አምጥተው መሃል ላይ አኖሩት።

«በግንባሩ የወደቀ ሰው የኋላ ራሱን አይሰበርም» አለች። «ከኋላ ተመትቷል። ስለዚህ ጉልበቱ አልከዳውም። ሂባ፣ አባትሽ ከሰኞ ወዲህ እንዴት ነበር የሚሰግደው?»

«መሬት ላይ። ግንባሩን አስነክቶ። መጀመሪያ ቀን አልቅሷል።»

«ወንበሩስ?»

«ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ቤት የለም።»

የወርቅውሃ ወደ ሱለይማን ዞረች። «ከሕክምናው ወዲህ አጎትህን ያገኘኸው በሞተበት ቀን ብቻ ነው። አዛን ሳይል ገደልከው፤ አዛን እንዳበቃ መኪና ላይ ነበርክ። ከዚያ በኋላ በሕይወት እንደነበር ለማስመሰል ሲሰግድ አየሁት አልክ። ያየኸው ግን የስድስት ዓመቱን ሽማግሌ ነው። ሱቁን አጎትህ ሳያውቅ ከሸጥከው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከአንተ የገዛው ሰው ስልክ አነሳልኝ። ቁርጥማቱ እስካለ ድረስ አጎትህ ኩርሙክ አይደርስም ነበር።»

ሱለይማን ወንበሩን አየው። «ከሕመሙ ጋር ቢተዉት ምን ነበረ?» አለ።

ካቴናው ከዶክተሩ እጅ ወጥቶ ወደ እሱ ተላለፈ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ነብዩ የእጁን አንጓ እያሸ ሂባን ሊያጽናና ቀረበ።

«ጉልበቱን ባታድነው ኖሮ» አለችው ሳታየው፣ «ዛሬ ወንበሩ ላይ ነበር።»

ዶክተሩ ወደ የወርቅውሃ ዞሮ ተመለከተ። ለዚህኛው ክስ ግን የምታቀርብለት ማስረጃ አልነበራትም፤ ፋይሏን ዘጋችና በሩን እንዲከፍቱለት አዘዘች።