የሠርካዲስ አጉሊ መነጽር

ጥቅምት 18 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ነበረ። መርማሪ ፖሊስ ሻምበል ሁመድ ያን ጊዜ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ምሳውን ሳይጨርስ በስልክ ተጠርቶ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለው የእንስሳት በሽታ ጥናት ጣቢያ ሲደርስ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ጣቢያው ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነው። የነጋዴው ሳሎን ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።

ሟቿ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሠርካዲስ ነበሩ። ከረጅሙ መደርደሪያ ሥር በጎናቸው ወድቀው፣ የድሮው የእሳት ምድጃ የድንጋይ ጠርዝ ራሳቸውን መትቷቸው ሞተዋል። የእንጨቱ መሰላል አጠገባቸው ተጋድሟል።

«ከመሰላል ወድቀው ነው፤ አደጋ ነው» አለ የጣቢያው ኃላፊ። «ሪፖርቱ ዛሬውኑ ቢያልቅልን ጥሩ ነበር፣ ጓድ ሻምበል። ነገ የማዕረግ ኮሚቴ ይሰበሰባል።»

«ኮሚቴው ይጠብቃል» አለ ሁመድ፣ እንደ ተንበረከከ።

በመሰላሉ ራስ ላይ ሁለት የብረት መንጠቆዎች አሉ፤ በመደርደሪያው ግንባር በተጋደመው ዘንግ ላይ ይንጠለጠላሉ። መንጠቆዎቹ አልተጣመሙም፤ ዘንጉም አልላላም። ሁመድ መሰላሉን መልሶ ሰቀለው፤ እላዩ ላይ ወጥቶ በሙሉ ክብደቱ ተወዛወዘ። መሰላሉ ንቅንቅ አላለም። ወርዶ ከሥር አንድ ስንዝር ያህል ሲያነሣው ግን ወዲያው ከዘንጉ ወጣ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። አንድ ወፍራም ጥራዝ ተገልጦ ተቀምጧል፤ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። በገጹ ላይ ጥቁር ክር ያለው አጉሊ መነጽር ተቀምጦበታል። በሟቿ የሹራብ ኪስ ውስጥ ደግሞ የውጭ አገር ቴምብር ያለበት አንድ ፖስት ካርድ ተገኘ። የተላከው ለ«ዶክተር ዳዲ» ነው።

ሬሳውን ያገኘችው የሟቿ ረዳት ፀሐይቱ ናት። በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች።

«እህቴ፣ ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው?»

«የጥቅስ ማውጫ ነው። አንድ ተመራማሪ የጻፈውን ሌሎች በጽሑፋቸው ሲጠቅሱት፣ ፈረንጆቹ ከየመጽሔቱ ይለቅሙና ያትሙታል። ስሙን ፈልጎ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ መቍጠር ነው። ይህ የአምስት ዓመቱ አንዱ ጥራዝ ነው።»

«እየተቈጠረ የነበረው የማን ነው?»

«የዶክተር ኢዶሳና የአቶ ሞቱማ። የከፍተኛ ተመራማሪነት ቦታ አንድ ብቻ ናት፤ ብዙ የተጠቀሰው ይወስዳታል ተብሏል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ቍጥሩን ነገ ሊያቀርቡ ነበር።»

«ቍጥሩን አንቺ ታውቂዋለሽ?»

ፀሐይቱ ከንፈሯን ነከሰች። «ጥራዙን የምደረድረው እኔ፣ አቧራውን የምጠርገው እኔ። ቍጥር ሲሆን ግን በእጃቸው ይሸፍኑታል። አጉሊውን እንኳ ከአንገታቸው አያወርዱትም ነበር። ያለ እሱ አንዲት መሥመር አይታያቸውም። ለሰው ሲያውሱትም እስኪመለስላቸው ከክፍሉ አይወጡም።» ይህን ብላ ደነገጠች። «በሞቱበት ቀን እንዲህ ማለቴ…»

«የጠየቅሁሽን ነው የመለስሽው» አለ ሁመድ።

ዶክተር ኢዶሳ በቢሮው ተቀምጧል። ክራባቱ ከአንገቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሙሉ ስም?»

«ኢዶሳ ባፈና። እንግሊዝ አገር አራት ዓመት ስኖር ኢዶሳ ብሎ የጠራኝ አንድ ሰው የለም። ‹ዶክተር ባፈና!› ሲሉኝ አባቴ ከወለጋ ተነሥተው የመጡ እየመሰለኝ ዞር እል ነበር።» ሳቀ፤ ብቻውን።

«ስንት ጊዜ ተጠቅሰዋል?»

«አሥራ አንድ።»

«አቶ ሞቱማስ?»

ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እርሳስ አቃናው። «የሰው አልቈጥርም።»

«የራስዎን ያለ ወረቀት የሚነግሩኝ ሰው፣ የተፎካካሪዎን ሳያዩ ቀሩ?»

ኢዶሳ ክራባቱን ላላ አደረገ።

አቶ ሞቱማ ከጓሮው ጋጣ ነበር። ከአንዲት ጊደር ጆሮ ሥር በወረንጦ መዥገር እየነቀለ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ጋጣ ጠራጊ ሆኖ ተቀጥሮ፣ በማታ ትምህርት እየተማረ፣ በመዥገር ላይ ጽሑፍ እስከ ማሳተም የደረሰ ሰው መሆኑን ኃላፊው ለሁመድ ነግሮታል።

«ሙሉ ስም?»

«ሞቱማ ዳዲ።»

የሁመድ እርሳስ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ ጻፈች። «ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም። ምን አለኝና? እኔ ሁለት ነኝ። ሃያ ዓመት ከከብት ጆሮ ሥር ለቅሜ፣ ሁለት! እሱ ሸሚዙ ሳይቆሽሽ አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ መሆኑን ማን ነገርዎ?»

«እሱ ራሱ ነዋ! ሻይ ቤት ገብቶ እንኳ አሥራ አንድ ሳይል አይወጣም። ልጅ ቢወልድ ስሙን አሥራ አንድ ሳይለው አይቀርም።» ወረንጦውን ጠርሙሱ ላይ መታው። «እሱማ ፈረንጅ አገር ሄዶ ስሙን ገልብጦ ባፈና ሆኖ ተመለሰ። እኔ ሞቱማ ነኝ፤ ሞቱማ እንደ ሆንሁ እቀራለሁ።»

«ሁለት መሆንዎንስ በምን አወቁ?»

«እያየሁት! ከመጣ ጀምሮ ስንት ጊዜ አየሁት።»

ከበሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ቤት ግድግዳ ላይ ሠላሳ ያህል ፖስት ካርዶች ተለጥፈው ሁመድ አየ። አድራሻቸው ሁሉ አንድ ነው።

«ጋሽ በከር፣ ይህ ዶክተር ዳዲ ማነው?»

«እኔስ ምን ዐውቄ!» አለ ሽማግሌው ዘበኛ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ይመጣል። መዝገብ ቤት ብጠይቅ፣ ዶክተር ዳዲ የሚባል ሠራተኛ የለንም አሉኝ። ቴምብሩ ቢያምረኝ ለጠፍሁት። ዛሬ ጧት ወይዘሮ ሠርካዲስ ዝናብ ሸሽተው እዚህ ቢገቡ፣ አይተው እንደ ልጅ ዘለሉ! አንዷን ነጥቀው፣ ‹ጋሽ በከር፣ ዛሬ አንድ ሰው ደስ ይለዋል› ብለውኝ ሄዱ።»

«በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ ማን ነበር?»

«ዶክተሩ፣ አቶ ሞቱማና ልጅቷ። ሌላው በሙሉ ከኃላፊው ጋር ለውይይት ክበብ ወጥቶ ነበር።»

ሁመድ ከካርዶቹ ጥቂቱን አነበበ። ከኬንያ፣ ከብራዚል፣ ከአውስትራሊያ የተጻፉ ናቸው፤ የመዥገሩን ጽሑፍ ቅጂ ይለምናሉ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም በቤተ መጻሕፍቱ ሰበሰባቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ይህ መሰላል በራሱ አይወድቅም» ብሎ ጀመረ፣ መንጠቆውን እያሳየ። «ከሥር ያነሣው ሰው አለ። እንግዲህ ማን ነበር አብሯቸው? ወይዘሮ ሠርካዲስ ያለ አጉሊ መነጽራቸው አያነቡም፤ ለሰው ካዋሱትም እስኪመለስ አይለዩትም። ወደ መደርደሪያው ሲወጡ ግን መነጽሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ሲወጡ፣ ይህን ጥራዝ ሌላ ሰው እያነበበ ነበር። መሰላሉን ያነሣው ያ አንባቢ ነው።»

ጣቱን በተገለጠው ገጽ ላይ አኖረ።

«የተገለጠው በኤም ፊደል ነው። ፀሐይቱ፣ ፈረንጆቹ ስም የሚደረድሩት በምንድን ነው?»

«በአባት ስም።»

«ዶክተር ኢዶሳ የት ይገኛል?»

«በቢ። ከላይኛው መደርደሪያ።»

«አቶ ሞቱማስ?»

ፀሐይቱ አፏን ከፈተች፤ የአባቱን ስም አስታወሰች። «በ… ዲ። እሱም ከላይኛው፣ ከዚያው ጥራዝ ውስጥ።»

ሞቱማ አንገቱን ቀና አደረገ። «እኔ በኤም ነው ያለሁት። ሁለት ቦታ።»

«ሁለት ሰዎች ያገራችንን ልማድ ዐውቀው በስምዎ ጠቅሰዋል። የቀሩት ሁሉ በዳዲ ነው የጠቀሱዎት። ከሰዓት በኋላ ከፀሐይቱ ሌላ አጉሊ መነጽር ተውሼ ቈጥሬዋለሁ። ሠላሳ አራት ነው።»

«እንግዲያው ኢዶሳ ነዋ!» አለ ኃላፊው፣ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ። «ቍጥሩ ቢቀርብ የሚሸነፈው እሱ!»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ዶክተር፣ ይህን ቍጥር ያውቁት ነበር?»

የኢዶሳ ድምፅ ወረደ። «አምና አይቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ቈጠርሁት። አንድ ቀን ይነግሩታል እያልሁ… ዝም አልሁ። ዐይኔ ደም ለበሰ።»

«ይህ ዝምታዎ ከርስዎ ጋር ይኖራል። ነገር ግን ሞቱማ በዲ መሆኑን የሚያውቅ ሰው በኤም አይፈልገውም። ፀሐይቱም ደርዳሪ ናት፤ እሷም አትሳሳትም። በዚህ ግቢ ሞቱማን በሞቱማ የሚፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ዛሬ ቤተ መጻሕፍት አልገባሁም ብሎኛል።»

ሞቱማ የሁለቱን እጆቹን መዳፍ አየ።

«ምናልባት ተሳስቼ ቢሆን ብዬ ደግሜ ላየው ገባሁ» አለ። «ሁለት ነው። ‹አይቅረብብኝ፣ አዋረዱኝ› አልኋቸው። ሳቁ። ‹ቆይ› ብለው ወደ ላይኛው ወጡ። እዚያ ያለው የሱ ነው፤ የባፈና። የሱን አሥራ አንድ አውርደው ሊያሳዩኝ መሰለኝ። ሳቃቸው… ደግሞ ከላይ ሆነው ሳቁ። እጄ መሰላሉ ላይ ነበረ።»

«ሊያሳዩዎት የወጡት የርስዎን ነበር» አለ ሁመድ፤ ከሟቿ ኪስ ያገኘውንም ካርድ ፊቱ አኖረለት።

ሞቱማ ረጅም ጊዜ አየው። «ዶክተር ይላል?»

«ይላል።»

አንደኛው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ሞቱማ ግን «አንድ ጊዜ» አለ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።» ሁመድ ለፖሊሱ በእጁ ምልክት ሰጠው። ራሱ መሰላሉን ሰቅሎ ወጣ፤ ጥራዙን አወረደ፤ ገጹን ገለጠለት። ሞቱማ የሠርካዲስን አጉሊ መነጽር አነሣ። መዥገር የሚለቅምበትን ጣቱን ከመሥመር መሥመር እያወረደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቍጠር ጀመረ። ኢዶሳ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሃያ ላይ ሲደርስ ፀሐይቱ አለቀሰች። ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ መነጽሩን በነበረበት አኳኋን ክሩን ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ ከዚያ እጆቹን ዘረጋ።

ይህን ታሪክ ከሻምበሉ አፍ ከሰማሁ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ማስታወሻም አልያዝሁም። ቀኑን፣ የሰዎቹን አነጋገር፣ የመደርደሪያውን አቀማመጥ አዛብቼ ይሆናል። ሻምበሉ ሠላሳ አራት ያለኝ ይመስለኛል፤ ሠላሳ አምስትም ሊሆን ይችላል። የምታውቁ አንባብያን አርሙኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ቍጥሩን። አጉድዬበት እንደ ሆነ ቅር ይለኛል።