ከጉብታው ሥር የተሰማው ምት

ሰው ስለ ሙት መንፈስና ስለ ጅን ሲያወራ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን የማዞር ሰው ነበርኩ፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም፣ ብቻ በጃንሆይ ጊዜ ሱሉልታ ላይ የገጠመኝን እንዳየሁት ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሥራዬ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ የሚተከልበትን መሬት መለካት ነበር። ጣቢያ ደግሞ እንዲሁ አይተከልም፣ ከሥሩ አለት ይሁን ጭቃ መታወቅ አለበት፣ ስለዚህ መሬት ላይ ወፍራም ብረት እናስቀምጥና በመዶሻ እንመታዋለን፣ ራቅ ብሎ የተቀበረው መሣሪያ ንዝረቱን በሽቦ ያመጣልኛል፣ እኔ በጆሮ ማዳመጫ እሰማዋለሁ፣ መርፌዋም ወረቀት ላይ ትጽፈዋለች። መዶሻው የባልደረባዬ የግርማ ነው። ሰበታንና ቡራዩን ጨርሰን ሱሉልታ የገባነው ክረምቱ ወጥቶ፣ ሜዳው ገና ውሃ እንዳዘለ ነበር።

አዴ ጫልቱ የሚባሉ አሮጊት ጓሯቸውን ፈቀዱልንና፣ ሣር ከለበሰ ጉብታ አጠገብ ዕቃችንን ዘረጋን። ግርማ ይመታል፣ እኔ አዳምጣለሁ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ የተለየ ነገር አልነበረም። ከዚያ ግርማ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ላቡን ሲጠርግ፣ ጆሮዬ ውስጥ ድም አለ። መርፌዋም ዘለለች።

«መታህ እንዴ?»

«ምኑን? እያየኸኝ?»

ደግሞ ድም አለ። ከብት ይሆናል ብለን ዞር ዞር ብንል ከብት የለም፣ ነፋስም የለም፣ የመኪናው መንገድ ሩቅ ነው። ሽቦውን ነቅለን መልሰን ሰካነው፣ መሣሪያውን ከጉብታው ስናርቀው ድምፁ ይደክማል፣ ስናቀርበው ይበረታል። እመኑኝ፣ የእኛ ምት ደረቅ ነው፣ ይሄኛው ግን ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይመታል፣ ጉልበቱ እንዳለቀበት ሰው።

አዴ ጫልቱ ፊታችንን አይተው መጡ። «ምን ሰማችሁ?»

«ምንም አይደለም እማማ፣ ውሃ ይሆናል» አልኩ።

ግርማን በኦሮምኛ ጠየቁት። እሱ መዋሸት አልሆነለትም፣ የሚመታ ነገር አለ አላቸው። እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ልጃቸው ደበላ ጉብታው ሥር ነበር። እንደነገሩን፣ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተናደበት፣ የመንደሩ ሰው ሊያወጣው ሲታገል ከታች በዶማው ሲመታ ይሰማ ነበር፣ ግን አፈሩ በሚቆፍሩትም ላይ እየተናደ አላስጠጋ አላቸው፣ ምቱ ሲቀር ቄስ ተጠርተው እዚያው ፍትሐት ተደረገለት። ይሄ ከሆነ ያኔ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

«እኔ ቡራዩ እህቴ ጋ ነበርኩ» አሉ። «ስደርስ ዝም ብሏል። ሁሉም ሰምቶታል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት።»

ማዳመጫውን አውልቄ በሻሻቸው ላይ አደረግኩላቸው። መርፌዋ አሁንም ትዘላለች። አላለቀሱም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሣሩን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ «አሲን ጂራ፣ ኢልማ ኮ» ይሉ ጀመር፣ እዚህ አለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። መርፌዋ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ቀጥ ያለ መስመር መጻፍ ጀመረች። እሳቸው ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ማዳመጫውን አላወለቁም።

«ሰማኝ፣ አረፈ» ብለው ማዳመጫውን መለሱልኝ።

ወረቀቱን ያዩት አለቃችን የሽቦ ችግር ነው አሉ፣ ጣቢያውም ሌላ ቦታ ተተከለ። እኔን የሚረብሸኝ ግን የዚያን ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ የሆነው ነው፣ እንጦጦን ስንወጣ መኪናውን የሚነዳው ግርማ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ቆፍረን ማየት ነበረብን?» አለኝ።

ሁለት ክረምት ያለፈበት ጉድጓድ ነው። ይሄን እያወቅኩ «አይ» ማለት አቃተኝ፣ ዛሬም ያቅተኛል።