የኔ ገበር፣ የእሷ ሱፍ

ቀናተኛ ነኝ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ። ታናሽ እህቴ ስትወለድ ጡጦዋን አልጋ ሥር የደበቅኩ ልጅ ነኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝም አልተሻለኝም።

ከኤመት ጋር የተዋወቅነው ሱሪውን እንዲያወልቅ አዝዤው ነው።

«አውልቅ!» አልኩት፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ። ሥራዬ ነው እኮ! ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ለፊልም የሚሆን ሱሪ ቆራጭና ሰፊ ነኝ። የሚመጣው ሁሉ ሱሪውን ያወልቃል፣ እለካዋለሁ፣ «ቀጣይ!» እላለሁ። በቃ።

ኤመት ላሮክ ግን ቀላ። ዋናው ተዋናይ የሚፈራውን ነገር ሁሉ በእሱ ፋንታ የሚሠራ፣ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ እየተወረወረ እንጀራውን የሚበላ ወንድ፣ እስከ ጆሮው ቀላ!

«ልኬን በወረቀት ጽፌ አምጥቻለሁ» አለኝ።

«ማን ለካህ?»

«ራሴ።»

«ራሱን የለካ ሰው ሱሪው ያጥረዋል።»

«ካጠረኝ ረጅም ቦት አደርግበታለሁ።»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ጉድ የፈላው ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ተቀበልኩት፣ ሱሪውም አላጠረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወደ ክፍሌ ይመጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፣ ከቤት ያመጣሁትን ፒሮጊ የሚባል ድንች የተሞላ የሊጥ ምግብ ይካፈለኛል። ስለ ፈረሶቹ ያወራኛል። አንዷ ፈረስ እኔን የመሰለ ጠባይ አላት አለኝ፤ ሌላዋ ስትበላ ማየት አትችልም! እወደዋለሁ። እሱም የሚወደኝ ይመስለኛል። ግን እሱ አልተናገረ፣ እኔ አልተናገርኩ።

በአራተኛው ዓመት ስለ ድሮ ከብት ነጂዎች የሚተርክ ፊልም መጣ። ዳይሬክተሩ «የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት የለበሱትን ጨርቅ ነው የምፈልገው! በእጅ የተሸመነ!» አለ። ስለዚህ ከኩቤክ አንዲት ሸማኔ አስመጡ። ኦዲል ትባላለች።

ምን ልበላችሁ... ቆንጆ ናት። ቆንጆ ብቻ ብትሆን እችለው ነበር፤ ባለሙያም ናት። እጇ ያረፈበት ሱፍ ዓይን ይስባል።

ኤመት እንደ ልማዱ ለምሳ ገባ። እሷን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። እሷም መቀሷን አስቀምጣ ተነሳች። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ተቃቀፉ። ፒሮጊው እስኪቀዘቅዝ ተቃቀፉ!

«ትተዋወቃላችሁ?» አልኩ፣ በግድ ፈገግ ብዬ።

«ድሮ» አለች ኦዲል።

«አዎ፣ ድሮ» አለ ኤመት።

ድሮ! ሦስት ዓመት ሙሉ የፈረሶቹን ስም አንድ በአንድ ሲነግረኝ፣ ኦዲል የሚባል ስም ካፉ ወጥቶ አያውቅም። 

በማግስቱ ለፊልሙ ይሆናል ብዬ ከራሴ ጨርቅ ሱሪ ሰፍቼ መጣሁ። የእሷንም ሱፍ አለቃችን ግዌን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ግዌን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ወሬ የማይወዱ ሴት ናቸው።

«አለቃ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ» አልኳቸው። «የእጅ ሱፍ ዝናብ ሲነካው ይከብዳል። ያሳክካል። ቶሎ አይደርቅም። የኔ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው፤ ይለጠጣል፣ በማሽን ይታጠባል፣ ካሜራውም አይለየውም።»

«ካሜራው ይለየዋል» አለች ኦዲል በዝግታ። «ሱፍ የሰውየውን እግር ተከትሎ ይወርዳል። ያንቺ ግን ይንሳፈፋል።»

«ያንቺ ደግሞ ሲቀመጡበት ጉልበቱ ከረጢት ይሆናል!»

«የድሮ ሰው ጉልበቱ ከረጢት ነበር።»

«የድሮ ሰው በሠላሳ ዓመቱም ይሞት ነበር፤ እሱንም እናድርግ?»

«በቃ!» አሉ ግዌን። «የሚጋልብበት ሰው ይምረጥ። ኤመትን ጥሩልኝ።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። የኔ ኤመት! የማን ሊመርጥ ነው ታዲያ?

መጣ። የኔን ጨርቅ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ውስጡ ምን አለው?»

«ስልሳ በመቶ ፖሊስተር። እስቲ ልበሰው፣ ሱሪ የለበስክ አይመስልህም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሱሪውን ከእጁ አስቀመጠው።

«የኦዲልን» አለ።

«ሳትሞክር?»

«ሳልሞክር።»

«ለምን?»

«እንዲሁ» አለና ወጣ።

እንዲሁ! ሰው በእንዲሁ ያዋርዳል እንዴ? ይባስ ብለው ግዌን የኦዲልን ሱፍ ጭነው ሰጡኝ። «ቁረጪው። ለተዋናዩ አንድ፣ ለኤመት አንድ።» የጣውንቴን ጨርቅ በገዛ መቀሴ ቆረጥኩላችሁ!

በዚያው ሳምንት ደግሞ ማየት የማልፈልገውን አየሁ። ክር ልወስድ ወደ ኦዲል ክፍል ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ኤመት ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወርዷል። ኦዲል ፊት ለፊቱ ተንበርክካ ጭኑ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታስነካዋለች።

«ይሄስ?» ትላለች።

«ይሻላል... እሱ ለስለስ ይላል።»

ክው አልኩ። ለእኔ ወረቀት የሰጠ ሰው! እኔ ባለሜትሯ ሦስት ዓመት ጉልበቱን እንኳን ሳላይ፣ ለእሷ በአንድ ሳምንት! ክሩንም ሳልወስድ ተመለስኩ። ያን ቀን ሦስት መርፌ ሰብሬያለሁ።

እሁድ ከሰዓት ሰው በሌለበት ገባሁና የኤመትን ሱሪ አወጣሁ። ከቀሚስ የተረፈኝ እንደ ሐር የሚያሟልጭ ስስ ፖሊስተር ነበረ። ከጭን እስከ ጉልበት ገበር አደረግኩበት። ስፌቱን አሳምሬ ስለደበቅኩት ኦዲል እንኳን ብታገላብጠው አታገኘውም። ሱፉ እንዳያሳክከው ብዬ ነው ብላችሁስ? ውሸቴን ነው። የእሷ ከላይ ይታይ፣ የኔ ግን ለገላው ይቅረብ ብዬ ነው። ይኸው ነው ሐቁ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ የኔስ አእምሮዬንም አንቅዞታል።

ኤመት ሁለት ቀን ጋለበበትና እየሳቀ መጣ። እኔ ፊት ኦዲልን ትከሻዋን ይዞ «ያንቺ ሱፍ እኮ ተአምር ነው! ፈጽሞ አያሳክክም!» አላት።

«አመሰግናለሁ» አለች፣ ግራ እየገባት።

የኔ ገበር እሷን አስመሰገናት! እስቲ ይታያችሁ! ንዴቴን ይዤ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ቀረጻው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ተራሮቹ ሥር ነበር። ሐሙስ ጠዋት የተጠገኑ ባርኔጣዎች ይዤ ከከተማ ዘግይቼ ስደርስ ጭስ አየሁ። የድርቆሽ ጎተራው እየነደደ ነው።

«ምንድነው?» አልኩት አንዱን ሠራተኛ።

«ዳይሬክተሩ ዛሬ ጠዋት ሐሳቡን ቀየረ። ኤመት ከሚነደው ጎተራ ውስጥ በፈረስ ይወጣል። በኋላ በር ገብቷል፣ አሁን መውጣቱ ነው።»

ባርኔጣዎቹ ከእጄ ወደቁ። የእሳት ጥበቃው ኃላፊ ሲጮህ ይሰማኛል። «የለበሰው ምንድነው?»

«ንጹሕ ሱፍ!» አለች ኦዲል። «በእጄ የሸመንኩት!»

«ሱፍ ከሆነ ይሂድ!»

እኔ ክር እያቃጠልኩ ጨርቅ የምለይ ሴት ነኝ። ሱፍ እሳት ሲነካው ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ ከዚያ እሳቱ ይጠፋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል። ቀልጦ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። ያገኘው ነገር ደግሞ የኤመት ጭን ነው።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ሮጥኩ። ካሜራው ፊት ቆምኩ።

«አቁሙ! አታስወጡት! ሱሪው ውስጥ ፖሊስተር አለ!»

ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያ ጮኸ። «ማነሽ አንቺ?»

«ሱሪ ሰፊዋ!»

«ሱፍ ነው ተብያለሁ እኮ!»

«ከላይ ሱፍ ነው! ከውስጥ ገበር አድርጌበታለሁ!»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም!»

«ታዲያ ለምን?»

ስልሳ ሰው ያየኛል። ኤመት ፈረሱን በኋላ በር አውጥቶ በጎን መጥቷል፤ እሱም ያየኛል።

«ቀንቼ ነው!» አልኩ።

እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

«በማን?» አለ ድምፅ ማጉያው፣ አሁን ዝግ ብሎ።

«በእሷ! ኤመትን ስለምወደው! ከእሷ ጨርቅ ይልቅ የኔ እንዲቀርበው ፈልጌ ነው... በቃ!»

አንድ ካሜራ ያዥ ክክ ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው የለም። ኤመት ከፈረሱ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። አልፎኝ አልባሳቱን ወደጫነው የጭነት መኪናችን ጀርባ ሄደ፣ እኔና ኦዲል ተከተልነው።

ሱሪውን አወለቀ። ለእሳቱ ብሎ ከሥር የለበሰውን ስስ ጥጥም እስከ ጭኑ ሰበሰበ።

«እይው» አለኝ።

የቀኝ ጭኑ ቆዳ ከጉልበቱ በላይ ተጨማትሮ ቀርቷል፤ የቀለጠ ሻማ ነው የሚመስለው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ፖሊስተር ነው» አለ። «ከስድስት ዓመት በፊት፣ ሌላ ፊልም ላይ። ከቆዳዬ ጋር አብሮ ነው የገፈፉት። ከዚያ ወዲህ ለብሼው አላውቅም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ ስታዪ የምትውይ ሴት ነሽ። ይሄን አይተሽ እንድታዝኝልኝ አልፈለግኩም። ከሁሉ ሰው... አንቺ እንድታዝኝልኝ አልፈለግኩም።»

ኦዲልን ዞሬ አየኋት። ሱሪውን ገልብጣ የኔን ገበር በጣቷ እየዳሰሰች ነበር።

«ሉክ የሚባል ወንድም ነበረኝ» አለች። «የዚያን ቀን ከኤመት ጋር አብሮ ነበር። ኤመት ወጣ። ሉክ አልወጣም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ እቅፍ... ያ «ድሮ»... የለቅሶ እቅፍ ነው! ጭኑ ላይ ጨርቅ ስታስነካው የነበረውም ያ ጠባሳ የሚችለውን ለመምረጥ ነው።

«ምቺኝ» አልኳት። «ይገባኛል።»

«መቀስ አምጪ» አለችኝ።

መኪናው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ገበሩን መተርተር ጀመርን። አንዱን እግር እሷ፣ አንዱን እኔ። እንባዬ አላሳየኝ ሲል እየጠረግኩ እተረትራለሁ። እሷ ቀና ሳትል ተናገረች።

«የወንድሜን ሱሪ የሰፋው ሰው ምን ጨርቅ እንደነበር ያውቃል። እስከ ዛሬ ዝም አለ። አንቺ ጮኽሽ።»

ወደ ስፌቱ ተመለሰች።

የእሳት ጥበቃው ኃላፊ ከእንግዲህ የኔን ቃል የሚያምን አልሆነም፤ እውነቱን ነው። ከሱሪው ከሦስት ቦታ ክር መዞ ራሱ አቃጠለ። ሦስቱም ፀጉር ፀጉር ሸተተ። ኤመት ለበሰ፤ አጥፍተውት የቆዩትን እሳትም እንደገና ለኮሱት።

«ተወው፣ አትግባ» አልኩት።

«ለሉክ ብዬ ነው» አለ። «አንድ ጊዜ በሰላም ልውጣበት።»

ገባ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ኦዲል ግን አልጨፈነችም፤ እጄን አጥብቃ ይዛ እሷ ታይልኛለች። «ወጣ!» ብላ ስትጮህ ነው ዓይኔን የከፈትኩት።

ከፈረሱ ሲወርድ ቀኝ ጭኑ ላይ ሱሪው ጨሰ። የእሳት ፍንጣሪ አርፎበት መዳፍ የሚያህል ቦታ በልቶ ጠፍቷል። ተንበርክኬ በቀዳዳው አየሁ። የሥረኛው ጥጥ ትንሽ ጠቁሯል። ቆዳው ደህና ነው። እዚያች ቦታ ላይ ከአንድ ሰዓት በፊት የኔ ገበር ነበረ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ግዌን ማታ ሳይደርስ አሰናበቱኝ። «በዚህ ፊልም መቀስ እንዳትነኪ። ስለሚቀጥለው አስብበታለሁ» አሉኝ። አልተከራከርኩም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ራሴን አባርር ነበር።

ኤመት አልደወለም። ዓርብ የለም፣ ቅዳሜ የለም። እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል።

«ተቆጥተሃል» አልኩት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጣሁ። ዛሬ ደከመኝ።»

«ግባ...»

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ‹ስፌቱ ተተርትሯል፣ ላስተካክለው› ብለሽ ብትወስጂው ማንም አያውቅብሽም ነበር። ራስሽን ለምን አዋረድሽ?»

«ውሸት ለመፈለግ ጊዜ አልነበረኝም። እሳቱ እየነደደ ነበር እኮ!»

ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረው።

«ሉክ የሞተ ዕለት» አለ፣ «ሁሉም ሰው ውሸት ለመፈለግ ጊዜ አግኝቶ ነበር።»

ከዚያ ገባ። ባርኔጣውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ፣ እኔም ያን ያህል ዓመት የጠበቅኩትን ሰማሁ።

«እወድሻለሁ፣ አንቺ እብድ! ግን ስሚ፤ ኦዲል ሥራ አግኝታ እዚሁ ከተማ ልትቀር ነው። እሁድ እሁድ ከእኛ ጋር ምሳ ትበላለች። የሉክ እህት እህቴ ናት።»

«እሁድ እሁድ?»

«እሁድ እሁድ።»

«ወር በገባ አንዴ አይበቃም?»

«ዳርያ!»

«እሺ! እሺ! ግን መሃላችሁ የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

በሰኔ ተጋባን። ኦዲል በየእሁዱ ትመጣለች፤ እኔም እንዳልኩት መሃላቸው እቀመጣለሁ። ተለወጥኩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አሁንም ስትስቅለት እቀናለሁ። አንዳንድ እሁድ ግን የሉክ ነገር ይነሳና ሁለቱም ያቀረቅራሉ። ያኔ ሳህን ላነሳ ነው ብዬ እነሳለሁ፣ ወንበሬንም ለእሷ እለቅላታለሁ።