በሦስት ቁጥሩ ማሽን ላይ የጠፋችው ነጥብ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ የትም አላነበብኩትም።

እኩለ ሌሊት ላይ ቢሆን ኖሮ ለታሪኩ ያምርለት ነበር። ግን በጠራራ ፀሐይ ነው... ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ።

ቦታው ታይዋን፣ ታይቹንግ ከተማ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዘጠኝ ሰዎች የምንሠራበት የብረት ወርክሾፕ። እኛ ዘንድ ምሳ ከተበላ በኋላ መብራት ይጠፋል። ተንሸራታቹ በር ይወርዳል። አለቃውም ሠራተኛውም ካርቶኑን ወይም ታጣፊ አልጋውን ዘርግቶ እስከ ሰባት ሰዓት ይተኛል። በዚያች ሰዓት ማሽን አይነሣም።

ፈርቼ ነበር? በደንብ። ግን ይህን ለመጻፍ አንድ ዓመት ያስፈጀኝ ፍርሃቱ አይደለም።

እፍረቱ ነው።

ከጥፋቴ ትንሹን ላስቀድም።

በየማሽኑ ራስ ላይ የበቆሎ ቺፕስ እናስቀምጣለን፤ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን፣ እንዳያምፅ። ከረጢቱ የግድ አረንጓዴ ነው። ቀኑ ማለፍ የለበትም። ማንም አይበላውም። ትልልቅ መሐንዲሶች እንኳ እየሳቁ ያስቀምጡታል።

እኔ እየሳቅኩ በላሁት።

የሦስት ቁጥሩን ማሽን ከረጢት ከታች በምላጭ ከፍቼ ጠራርጌ በላሁ። ከዚያ በአፌ ነፋሁትና በፕላስተር አሽጌ ቦታው መለስኩት።

"ከእንግዲህ ትንፋሼ ይጠብቀዋል" አልኩት አኩንን። አኩን ከጎኔ ካርቶን ላይ የሚተኛ የቶርኖ ሠራተኛ ነው።

አልሳቀም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሊያዎ ሽፉ ይስማና ጭንቅላትህን በሞርሳ ነው የሚያስርልህ!"

ሽፉ የምንለው ሙያ ያስተማረንን ሰው ነው። ሊያዎ ሽፉ ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ አርባውን እዚያው ቆሞ አሳልፎታል። ብረቱን በጥፍሩ ዳበስ አድርጎ "ሁለት መቶኛ ይቀረዋል" ይላል፤ ስንለካው ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ነው። የማሽኑን ፕሮግራም የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ቦሃን የሚለው ስሜ ቀርቶ "ዩኒቨርሲቲው" ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት።

"ዩኒቨርሲቲው፣ ጨረስክ?"

"ጨርሻለሁ ሽፉ።"

"ነጥቦቹን አየሃቸው?"

"አየኋቸው።"

አላየኋቸውም።

የሦስት ቁጥሩ ማሽን ክፉ ልማድ አለው። "50." ብለህ ከነነጥቡ ከጻፍክለት መቁረጫው ሃምሳ ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ነጥቧን ከረሳህ ለሺህ ያካፍልልሃል። ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ከፍ ይልና... ፊቱ ያለውን ሁሉ ጥሶ ይሮጣል።

እኔ የወተት ሻይ ልገዛ ወጣሁ። ሽፉ ማስነሻውን ተጫነ።

ድምፁን መንገድ ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ስገባ መቁረጫው ብረቱን አጥብቆ የያዘውን ሞርሳ መሻገር ሲገባው ሰንጥቆት ገብቷል። የማሽኑ መስታወት ተሰንጥቋል። ሽፉ ቀዩን ማቆሚያ እንደተጫነ ቆሟል። ጉንጩ ይደማል።

አለቃችን ሆንግ ከላይ ቢሮ ደረጃውን እየወረደ ነበር። ምናልባት አሥር ሰከንድ አለኝ።

"ተጎዱ ወይ ሽፉ?" ማለት ነበረብኝ።

ሻዮቹን አስቀመጥኩ። ወደ ስክሪኑ ሄድኩ። ነጥቧን አስገባሁ።

ሽፉ ጣቴን አየ። ፊቴን አላየም።

ሆንግ ፕሮግራሙን ሁለቴ አነበበው።

"ይሄ ልክ ነው... ሽፉ፣ ምናልባት የመቁረጫውን ርዝመት ሲለኩ ተሳስተው ይሆን?"

ማቀዝቀዣው ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ጠብ... ጠብ...

"ይሆናል" አለ ሊያዎ ሽፉ። "ዓይኔ ደክሟል።"

ከዚያም አጎነበሰ። አርባ ዓመት የሠራ ሰው፣ ከልጁ ለሚያንስ አለቃ። ከዓርብ በኋላ ቤቱ እንዲያርፍ ተነገረው።

አንደኛው ሻይ የእሱ ነበር፤ ስኳር የሌለው። ሁለቱንም እኔ ጠጣኋቸው።

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ።

የሦስት ቁጥሩ ማሽን ለጥገና ተፈታትቶ አንጀቱ ወጥቷል። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ማብሪያው በቁልፍ ተዘግቷል፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተንጠልጥሎበታል።

ኮሽ...

"አኩን!"

"እ?"

"ሰማህ?"

"አይጥ ነው። ተኛ በቃ።"

ቀና አልኩ።

ስክሪኑ በርቷል።

በካልሲ ሄድኩ። ያቺው መስመር ላይ ቆሟል። "50"። ነጥቧ የለችም። መጻፊያዋ ጭረት ቦታዋ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች... እንደሚጠብቅ ሰው።

ነጥቧን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠፋ።

ቁልፏ ላይ የቺፕስ ፍርፋሪ ነበር። እርጥብ ነው።

ሐሙስም እንዲሁ ሆነ።

ዓርብ ዓይኔን ሳልከድን ጠበቅኩ። ጥግ ላይ ግን ሰው ነበር። ሊያዎ ሽፉ ነው። ማንም እንዳያየው በእንቅልፍ ሰዓት መጥቶ መለኪያዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ይከታል።

"ዩኒቨርሲቲው" አለ በሹክሹክታ። "አልተኛህም?"

"አልተኛሁም ሽፉ።"

"በላኸው አይደል?"

"ምኑን?"

በአገጩ ወደ አረንጓዴው ከረጢት አመለከተ።

"...አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ይሁን። ሌላስ?"

ከኋላው ስክሪኑ በራ። ብርሃኑ ጉንጩ ላይ ባለው ፋሻ አረፈ። እሱ አልዞረም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ሰዎቹ ሁሉ አጠገባችን ተኝተዋል፤ ጮክ ብል ስሙ ጸድቶለት ይወጣ ነበር።

"ሌላ ምንም የለም" አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ሳጥኑን አንሥቶ በጓሮ በር ወጣ።

ሰኞ አልቻልኩም። ሆንግ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ነጥቧን፣ ጣቴን፣ አሥሩን ሰከንድ።

ሆንግ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ለሽፉ ደወለ።

"ሽፉ፣ ቦሃን ጥፋቱ የኔ ነው እያለ ነው።"

የሽፉ ድምፅ ተሰማ።

"ልጁ አዝኖልኝ ነው። ፕሮግራሙን አንተም አይተኸው የለ? ነጥቡ ነበረ።"

"አልነበረም!" ብዬ ጮህኩ። "ሽፉ፣ አይተውኛል እኮ!"

"ዩኒቨርሲቲው" አለ በቀስታ። "ጠይቄህ ነበር፤ ሌላስ ብዬ።"

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ከወዲያ በኩል የከረጢት ድምፅ ሰማሁ። ኮሽ...

ሆንግ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "ለሽማግሌ ብሎ ጥፋት የሚሸከም ልጅ ዛሬ የት ይገኛል!" አለ። ለሁሉም አወራው። አኩን እንኳ ምሳው ላይ ያለችውን ሥጋ ሰጠኝ። በላሁት።

ማሽኑ ተጠገነ። ለእኔ ተሰጠኝ። የሽፉም ታጣፊ አልጋ ለእኔ ሆነ፤ ራስጌዬ ማሽኑ ሥር ነው። ሆንግ በእጁ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ገዝቶ ከላይ አስቀመጠ። ሙሉ፣ እሽግ፣ ቀኑ ያላለፈበት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ሁሉም ተኛ።

ኮሽ... ኮሽ...

ቀና ብዬ አየሁት። ከታች በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ፕላስተር ተለጥፎበታል። በእኔ አለጣጠፍ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ።

ከረጢቱ ያብጣል... ይሟሽሻል... ያብጣል...

ከእኔ ትንፋሽ ጋር እኩል ነበር። እኔ ስስብ ያብጣል፤ ሳወጣ ይሟሽሻል።

አፍና አፍንጫዬን በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

ከረጢቱ መተንፈሱን አላቆመም።